ከአምቦ እስከ ዋሽንግተን፦ የጉዞዎን ርቀትና ሰዓት በራስዎ ያስሉ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሁለት ሰው ቢጠይቁ አንዱ 13፣ ሌላው 17 ሊልዎት ይችላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም። አንዱ የነገረዎት የመምጫውን፣ ሌላው የመሄጃውን ነው። ጉዞው ከአምቦ፣ ከጉደር ወይም ከጊንጪ ለሚጀምር ሰው ግን ሁለቱም ቁጥሮች አይበቁም፤ ሁለቱም መቁጠር የሚጀምሩት አውሮፕላኑ ከቦሌ ሲነሣ ነውና። ከአምቦ ቦሌ ያለው መንገድ ከጠቅላላው ርቀት 1 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። በረራ የሚያመልጠው፣ ገንዘብ የሚባክነውና ቤተሰብ የሚጨነቀው ግን በአብዛኛው በዚያች 1 በመቶና በሰዓት አቆጣጠር ስሕተት ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ልጃቸውን ለመጠየቅ ለሚሄዱ ወላጆች፣ ለትምህርት ለሚወጡ ተማሪዎች፣ እንዲሁም እንግዳ ለመቀበል ቦሌ ለሚወርዱ ቤተሰቦች ነው። አንድ ወረቀትና እስክርቢቶ ይያዙና ደረጃ በደረጃ ይከተሉ።

ደረጃ 1፦ ከትኬቱ ላይ አራት ነገር ይጻፉ

መነሻውን፣ መድረሻውን፣ በመሃል የሚታረፍበትን ከተማና ሰዓቶቹን ለየብቻ ያስፍሩ። መድረሻው ላይ ይጠንቀቁ። የዋሽንግተንን አካባቢ የሚያገለግሉ ሦስት አውሮፕላን ማረፊያዎች አሉ፤ ደለስ፣ ሬገንና ባልቲሞር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው ደለስ ነው። ቀጣዩ በረራዎ ከሬገን የሚነሣ ከሆነ ሻንጣዎን ይዘው በመኪና ከተማ ማቋረጥ ሊኖርብዎ ነው። ይህን ትኬቱ ሳይቆረጥ ማወቅ ይሻላል።

በትኬቱ ላይ ከመድረሻው ሰዓት አጠገብ «+1» የሚል ምልክት ካዩ በማግሥቱ ይደርሳሉ ማለት ነው። ይህችን ትንሽ ምልክት ሳያዩ በማለፋቸው በተሳሳተ ቀን እንግዳ ሊቀበሉ የሚወጡ ብዙ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ርቀቱን ይለኩ

ከቦሌ እስከ ደለስ ያለው ቀጥተኛ ርቀት 11,560 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። አሜሪካኖች በሚጠቀሙበት ማይል ሲቆጠር 7,180 ይሆናል። አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር ማይሉን በ1.609 ያባዙ።

ይህን ቁጥር በራስዎ ማረጋገጥ ከፈለጉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካርታ ይተዉት። ክቡን ምድር ጠፍጣፋ ሲያደርጋት ወደ ሰሜን ያለውን ሁሉ ይለጥጠዋልና ርቀትን ያሳስታል። ትምህርት ቤት ወይም ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን ሉል ይጠቀሙ። አንድ ክር ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ወጥረው ይያዙና በማስመሪያ ይለኩት። የሉሉ ዲያሜትር 30 ሴ.ሜ. ከሆነ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 425 ኪ.ሜ. ገደማ ይወክላል። ክሩ 27 ሴ.ሜ. ያህል ሲሆን ያገኙታል። ሲያባዙት ከላይ ወዳለው ቁጥር በጣም ይቀርባል።

ክሩ የሚያልፍበትንም ልብ ይበሉ። በቀጥታ ወደ ምዕራብ አይሄድም፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ፣ ስፔንና ፖርቱጋልን ተሻግሮ ውቅያኖሱን ያቋርጣል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን በአየርላንዷ ደብሊን ሲያልፍ «ለምን ይዞራል?» ማለት አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365 ኪ.ሜ.፣ ከደብሊን ደለስ 5,465 ኪ.ሜ. ነው። ድምሩ 11,830 ኪ.ሜ. ስለሆነ ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ኪ.ሜ. ብቻ ነው። በጠፍጣፋው ካርታ ላይ ይበልጥ ቀጥ ያለ የሚመስለው በቶጎዋ ሎሜ የሚያልፈው መንገድ ግን 12,750 ኪ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ከቀጥታው በ1,190 ኪ.ሜ. ይረዝማል። አየር መንገዱ በተለያየ ጊዜ በሁለቱም ከተሞች እያረፈ ወደ ሰሜን አሜሪካ በርሯል። የእርስዎ በረራ የሚያርፍበትን ትኬቱ ይነግርዎታል።

አብራሪዎች ይህን መስመር ሁልጊዜ በትክክል አይከተሉም። ጦርነት ያለበት አገር ሰማይ ይዘጋል፤ የሱዳን ሰማይ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ለመንገደኞች በረራ ሲዘጋ ብዙ አውሮፕላኖች እየዞሩ ለመሄድ ተገደዋል። ስለዚህ የለኩትን ዝቅተኛው ርቀት አድርገው ይያዙት።

ደረጃ 3፦ መሄጃው ለምን እንደሚረዝም ይወቁ

ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ነፋስ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላይ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይበረታል። ሲሄዱ ከፊት ይገፋዎታል፤ ሲመጡ ከኋላ ያግዝዎታል።

ሁለተኛው የቦሌ ከፍታ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ከአምቦም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል። አውሮፕላኑ መንገደኛና ጭነት ሞልቶ፣ ለ11,560 ኪ.ሜ. የሚበቃ ነዳጅም ጨምሮ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሣና በመሃል አርፎ ይሞላል። ደለስ ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፤ ከ100 ሜትር በታች ነው። ከዚያ ሲነሣ ነዳጁን ሞልቶ፣ ነፋሱንም ከኋላ አድርጎ ሳያርፍ በቀጥታ ቦሌ ይገባል።

ደረጃ 4፦ ርቀቱን ወደ ሰዓት ይቀይሩ

ቀላል ስሌት እነሆ። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ርቀቱን ለ850፣ ወደ ምሥራቅ ሲመጡ ለ900 ያካፍሉ። ለእያንዳንዱ መነሣትና ማረፍ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ነዳጅ ለመሙላት የሚታረፍ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ያክሉ።

- በደብሊን ሲሄዱ፦ 6,365 ለ850 ሲካፈል 7 ሰዓት ተኩል፤ ከግማሽ ሰዓቱ ጋር 8። 5,465 ለ850 ሲካፈል 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፤ ከግማሽ ሰዓቱ ጋር 7። የማረፊያው አንድ ሰዓት ተኩል ሲታከልበት 16 ሰዓት ተኩል ይሆናል።
- ሳያርፉ ሲመጡ፦ 11,560 ለ900 ሲካፈል 13 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ከግማሽ ሰዓቱ ጋር 13 ሰዓት ከሩብ ገደማ።

በመግቢያው ላይ ያሉት 17 እና 13 የመጡት ከዚህ ነው። ስሌቱ ለሌላም ከተማ ያገለግላል። ለምሳሌ አየር መንገዱ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚበርባት የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ 9,930 ኪ.ሜ. ገደማ ትርቃለች፤ ሳያርፉ ቢሄዱ 12 ሰዓት ያህል ይሆናል።

ደረጃ 5፦ የትኬቱን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱ

በትኬት ላይ ያለ ሰዓት ሁሉ የዚያ ከተማ ሰዓት ነው። መነሻው የአዲስ አበባ፣ መድረሻው የዋሽንግተን። አንዱን ከሌላው ዝም ብለው ቢቀንሱ የጉዞውን ርዝመት አያገኙም።

በመጀመሪያ የቦሌውን ሰዓት ወደ እኛ ያምጡ፤ ከትኬቱ ላይ 6 ይቀንሱ። የቀኑ ሰዓት ከ12 በላይ ከሆነ በመጀመሪያ 12 ይቀንሱለት። 22፡30 ማለት 10፡30 ፒኤም ነው፤ 6 ሲቀነስ ማታ 4፡30 ይሆናል። ቁጥሩ ከ6 የሚያንስ ከሆነ ደግሞ 6 ይጨምሩ፤ 3፡00 ኤኤም ሌሊት 9 ሰዓት ነው።

ከዚያ የዋሽንግተንን ልዩነት ይያዙ። ከየካቲት መጨረሻ ወይም ከመጋቢት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ዋሽንግተን ከእኛ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። በቀሩት ወራት ልዩነቱ 8 ነው፤ አሜሪካኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ፣ እኛ አናዛውርም።

ስልክ ለሚደውል ሰው የሚቀል ዘዴም አለ። የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ6 ስለሚለይ፣ ከግድግዳ ሰዓትዎ ቁጥር ላይ 1 ሲቀንሱ የዋሽንግተንን ያገኛሉ፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ደግሞ 2 ይቀንሱ። አምቦ ላይ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በሐምሌ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት፣ በጥር እኩለ ቀን ነው። አምቦ ላይ ጠዋት 2 ሰዓት ከደወሉ ግን ሐምሌ ላይ የሚቀሰቅሱት በእነሱ ሌሊት 1 ኤኤም የተኛ ሰው ነው። ለሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ ከዚህ ላይ ተጨማሪ 1 ይቀንሱ። ለሳኦ ፓውሎ ምንም አይቀንሱ፤ የሰዓቱ ልዩነት ዓመቱን ሙሉ 6 ስለሆነ በግድግዳዎ ላይ ያለው ቁጥር የእነሱም ቁጥር ነው። ቀንና ሌሊቱ ብቻ ይለያያል።

አሁን ስሌቱን ይሞክሩት። በሐምሌ ወር ከቦሌ 22፡30 ተነሥቶ በማግሥቱ 8፡30 ደለስ የሚደርስ በረራ ይውሰዱ። ቦሌ 22፡30 ሲሆን ዋሽንግተን 15፡30 ነው። ከ15፡30 እስከ ማግሥቱ 8፡30 ሲቆጥሩ 17 ሰዓት ያገኛሉ። ይህ ነው እውነተኛው የበረራ ጊዜ።

ደረጃ 6፦ ቀኑን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚነሡ በረራዎች ነው። ትኬቱ «ጁላይ 15፣ 00፡15» ይላል እንበል። ጁላይ 15 በእኛ ሐምሌ 8 ነው። ሐምሌ 8 ማታ ቦሌ የሚደርስ ሰው ግን አውሮፕላኑ ከሄደ ብዙ ሰዓት አልፎታል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አዲሱ ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እኛ ግን ያንን ሰዓት በልማድ «ሐምሌ 7 ሌሊት 6፡15» እንለዋለን። ቦሌ መገኘት ያለብዎት ሐምሌ 7 ማታ ነው።

ስለዚህ በወረቀትዎ ላይ የበረራውን ቀን ብቻ ሳይሆን «ከቤት የምወጣበት ቀን» ብለው ይጻፉ። የሳምንቱንም ዕለት ያክሉበት፤ የቀን ቁጥር ቢምታታ ማክሰኞና ረቡዕ አይምታቱም።

ደረጃ 7፦ ከቦሌ ወደ አምቦ ወደ ኋላ ይቁጠሩ

ሥራው ሁሉ ከንቱ የሚሆነው እዚህ ሲሳሳቱ ነው። ከበረራው ሰዓት ይጀምሩና ወደ ቤትዎ ይቁጠሩ።

ወደ አሜሪካ ለሚሄድ በረራ ከመነሻው 4 ሰዓት ቀድመው ቦሌ ይገኙ። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፣ ሻንጣ ማስረከብ አለ፣ ኢሚግሬሽን አለ፣ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ መንገደኛ በር ላይ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ስንብቱንም ቀደም ብለው ይጨርሱ። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በእጅ ቦርሳ አይያዙ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ ፍተሻውን አያልፍም።

ከአምቦ አዲስ አበባ 115 ኪ.ሜ. ያህል ነው። መንገዱ በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ አልፎ በቡራዩና በአስኮ ይገባል። በደህና ቀን እስከ አስኮ 3 ሰዓት ይያዙ። ከአስኮ ቦሌ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ስለሆነ፣ በተለይ ሥራ መውጫ ላይ፣ 2 ሰዓት ይያዙ። ሲደመር 5 ሰዓት ነው።

የማታ 4፡30 በረራ ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ይሆናል፦

- ቦሌ መድረሻ፦ ማታ 12፡30
- ከአስኮ መነሻ፦ ከቀኑ 10፡30
- ከአምቦ መነሻ፦ ከቀኑ 7፡30
- ለጎማ፣ ለዝናብና ለመኪና ጥበቃ 2 ሰዓት መጠባበቂያ ሲያዝ፦ ረፋድ 5፡30

ከረፋዱ 5፡30 በኋላ ከአምቦ መነሣት በዕድል መጓዝ ነው። በረራዎ የጠዋት ከሆነ ወይም ወቅቱ ክረምት ከሆነ ግን ከአንድ ቀን በፊት ገብተው አዲስ አበባ ይደሩ። ለአንድ ሌሊት ማደሪያ የሚከፍሉት ገንዘብ አምልጦ እንደገና ከሚቆረጥ ትኬት ጋር አይወዳደርም። ማታ የሕዝብ ማመላለሻ እንደልብ አይገኝም፤ በጨለማ መንዳትም በዚያ መንገድ አይመከርም። ከመነሣትዎ በፊት መናኸሪያ ሄደው ወይም ሾፌር ጠይቀው የመንገዱን ሁኔታ ያጣሩ።

ከሌላ ከተማ ለሚነሡ፦ ጉደር ከአምቦ 12 ኪ.ሜ. ወደ ምዕራብ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ባኮ ከአዲስ አበባ 250 ኪ.ሜ. ገደማ ስለሚርቅ ከአንድ ቀን በፊት መውጣት ግድ ነው። ከጊንጪ 80፣ ከሆለታ 40 ኪ.ሜ. ያህል ነው፤ የከተማው ውስጥ 2 ሰዓት ግን ለማንም አይቀነስም።

ደረጃ 8፦ ካረፉ በኋላ ያለውንም ይቁጠሩ

ደለስ ላይ ለኢሚግሬሽንና ሻንጣ ለማውጣት 2 ሰዓት፣ ወደ ከተማው ለመግባት 1 ሰዓት ይያዙ። አሁን ሁሉንም ይደምሩ፦ አምቦ–አስኮ 3፣ አስኮ–ቦሌ 2፣ ቦሌ ጥበቃ 4፣ በረራ 17፣ ማረፊያው ላይ 2፣ እስከ ቤት 1። ድምሩ 29 ሰዓት ነው። አምቦን ከቀኑ 7፡30 የለቀቀ ሰው ልጁ ቤት የሚገባው በማግሥቱ፣ አምቦ ላይ ማታ 12፡30 ሲሆን ነው። ቤተሰብ ከዚያ በፊት ስልክ ባይደወል ሊጨነቅ አይገባም፤ ይህን ሰዓት ጽፈው ይተዉላቸው።

ከዋሽንግተን ወደ ሚኒያፖሊስ የሚቀጥሉ ብዙ ናቸው፤ በሚኒሶታ በርካታ የኦሮሞ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ርቀቱ 1,460 ኪ.ሜ.፣ በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። አሜሪካ የገቡበት የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ ሻንጣዎን ራስዎ አውጥተው እንደገና ማስረከብ ስላለብዎ በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑር። ሁለቱም በረራዎች በአንድ ትኬት እንዲቆረጡ ይጠይቁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የስታር አሊያንስ አባል ነው፤ ደለስን ማዕከሉ ያደረገው ዩናይትድም የዚያው ኅብረት አባል ስለሆነ ይህ አያስቸግርም። በአንድ ትኬት ሲሆን የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ በቀጣዩ የሚያሳፍርዎት አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ ኪሳራው የእርስዎ ነው።

የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳ ይያዙ። በጉዞው ላይ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚወስዱት ሐኪምዎን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ይህን 29 ሰዓት ሲያሳዩት ሐኪሙም በቀላሉ ይመልስልዎታል።

ደረጃ 9፦ እንግዳ ለመቀበል ሲሄዱ

ልጅዎ «ቅዳሜ እነሣለሁ» ካለዎት የሚደርሰው እሑድ ነው። በሐምሌ ቅዳሜ 11፡00 ኤኤም ከዋሽንግተን ቢነሣ እኛ ዘንድ ቅዳሜ ማታ 12 ሰዓት ነው፤ 13 ሰዓት ሲጨመር እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ያርፋል። እስኪወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ይያዙ። እሑድ ጎሕ ሲቀድ 12 ሰዓት ላይ ከአምቦ የተነሣ ተቀባይ ቦሌ የሚደርሰው 5 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ እንግዳውን ሁለት ሰዓት ተኩል ያስጠብቀዋል። ቅዳሜ ገብተው ይደሩ፤ ካልተቻለ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይቀበለውና እናንተ አምቦ ጠብቁት።

የመጨረሻ ማረጋገጫ

ከበረራው አንድ ቀን በፊት ለአየር መንገዱ ደውለው ወይም በስልክ መተግበሪያው ገብተው ሰዓቱ አለመለወጡን ያረጋግጡ። በወረቀትዎ ላይ አምስት መስመር ይኑር፦ ከአምቦ የምወጣበት ዕለትና ሰዓት፣ ቦሌ የምደርስበት፣ የምነሣበት፣ የማርፍበት በእነሱም በእኛም አቆጣጠር፣ ቤት የምገባበት። አንዱን ቅጂ ኪስዎ ውስጥ፣ አንዱን ለሚሸኝዎ፣ አንዱን ለሚቀበልዎ ይስጡ። ከአምስቱ መስመሮች በእርስዎ እጅ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱን ካላሳለፉት የቀሩትን አራቱን አየር መንገዱ ይጨርስልዎታል።